ቃሬዛ ያስመጣው ቫይረስ

እኔ ቢቸና ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ፊት የተደረደሩ ተማሪዎች ይታዩታል። ተማሪዎቹ አሉ። ተደርድረዋልም። ከዚያ ያለፈውን ግን ባይታየው ይሻላል።

የኮምፒውተር ክፍላችን ማሽኖች ከበቂ በታች፣ ከምንም በላይ ናቸው። ገሚሶቹ አይነሡም። የሚነሡት መብራት ይፈልጋሉ። መብራት ሲመጣ ደግሞ ቁልፉን የያዘው ሰው ስብሰባ ይሄዳል። መብራቱ፣ ቁልፉና ማሽኑ የሚገናኙበት ቀን እንደ ስድስተኛዋ ጳጉሜን ነው፤ መምጣቱ አይቀርም፣ አቆጣጠሩን ማወቅ ነው እንጂ።

እዚያ ክፍል ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ቀጥሎ ቢቸና ውስጥ በባዶ እግር የሚገባበት ቤት የኛው ነው። ታዲያ ልጆቹ አገባባቸው የተሳላሚ ሆነ። «ማውዙን ያዙ» ስላቸው እጃቸውን በልብሳቸው ጠርገው በጣታቸው ጫፍ ይነኩና ቶሎ ይለቃሉ። አንዷማ ጭራሽ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ ብነካው ቢበላሽ አባቴ ይታሰራል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህች ልጅ ደባሽ ናት። አባቷ ከቢቸና ራቅ ካለ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። እሷ እንደ ብዙዎቹ የገጠር ተማሪዎቻችን ከጓደኞቿ ጋር ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ስንቋ ሲያልቅ ወደ ቤት ትወጣለች። በኛ አገር ደባሽ የሚባል ልጅ ሐዘን ከገባበት ቤት የተወለደ ነው፤ ያለፈውን እንዲያስረሳ ነው ስሙ የሚወጣለት። እኔ ስሟን በየቀኑ ስጠራ ቆይቼ አንድም ቀን «የማን ሐዘን?» ብዬ አልጠየቅሁም። መምህር ስም የሚጠራው መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ነው።

የሚፈራ ልጅ አይማርም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ትቼ ልጆቹን ወደ ሜዳ አወጣኋቸው።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ ነው። ልጅ ሳለሁ ከሁሉ አጥብቄ የተማርኩት ሰኞ ማክሰኞ የሚባለውን ዝላይ ነበር። እኩዮቼ «የሴት ጨዋታ» እያሉ ሲስቁብኝ እኔ በአንድ እግሬ ሐሙስ ላይ ቆሜ እንቃቸዋለሁ። ያ እውቀት ለዓመታት ምንም ሳይሠራ ተቀምጦ፣ ቢቸና ላይ ተፈለገ። በአመድ የኪቦርድ ፊደሎችን መሬት ላይ አሰመርኩ። ልጆቹ በአንድ እግር እየዘለሉ ስማቸውን ይጽፋሉ። ስፔስ ላይ በሁለት እግር ያርፋሉ። ዲሊትን የረገጠ ከጨዋታ ይወጣል። በዚህ ዝላይ ብዙ ሳይቆዩ ፊደሎቹ የት የት እንዳሉ ለዩ። በቀጣዩ የመብራት ቀን ደባሽ ኪቦርድ ፊት ተቀምጣ ስሟን ስትጽፍ፣ እጇ ሳይሆን ጉልበቷ ነበር ከጠረጴዛው ሥር ከፍ ዝቅ የሚለው።

ሰው አንድ ነገር ሲሳካለት እዚያው ላይ ቢያቆም ስንት ነገር በተረፈ! እኔ ግን ሁለተኛ ጨዋታ ፈጠርኩ፤ ስሙንም «ቫይረስ» አልኩት።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ግቢው ኮምፒውተር ነው፤ ተማሪዎቹ ፋይሎች ናቸው። አንዱ ቫይረስ ሆኖ ያሯሩጣቸዋል። የነካው ፋይል ተበከለ ማለት ነው፤ የተበከለ ፋይል ደግሞ አይከፈትም። ስለዚህ የተነካ ልጅ መሬት ላይ ይጋደምና ዓይኑን ይጨፍናል። አይከፈትማ! ከዚያ አንቲቫይረስ የሆነችው ልጅ መጥታ ጥያቄ ትጠይቀዋለች። «የማታውቀው ሰው የላከልህን ሊንክ ትከፍታለህ?» ብትለው፣ «አልከፍትም» ያለ ይድናል። የተሳሳተ ኳራንቲን ገብቶ እንደተጋደመ ይቀራል። ልጆቹ አበዱለት። እኔም በራሴ ተደነቅሁ። በዚያው ሰሞን ሞጣ ላይ የትምህርት ቤቶች የፈጠራ ሥራ ትርኢት እንደሚደረግ ሲነገር፣ ከማንም በፊት እጄን አወጣሁ። በተወለዱበት ከተማ መጨብጨብን የመሰለ ምን ነገር አለ?

ደባሽ በገበያ ቀን ከአገሯ የመጣች ጎረቤታቸውን አገኘች። ጎረቤቷ «ምነው ልጄ፣ ከሳሽሳ?» አለቻት።

«ምን ላድርግ እትዬ፤ ሰሞኑን ቫይረስ እየያዘኝ ኳራንቲን ነው የምውለው።»

«ውይ በሞትኩት! አንቺን ብቻ ነው?»

«ኧረ ክፍሉን በሙሉ! እኔማ ዳንኩ ስል መልሶ ይይዘኛል።»

የቅኔ አገር መሆናችንን እዚህ ላይ አስታውሱልኝ። ጎጃም ውስጥ ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ጥሎ መሄድ ጭድ ላይ ፍም ጥሎ እንደመሄድ ነው። ሰሙ ኮምፒውተር፣ ወርቁ በሽታ ሆነና ወሬው ገበያውን ለቆ ወጣ። ወፍጮ ቤት ሲደርስ ልጆቹ ተዘግቶባቸዋል ተባለ። ወንዝ ሲሻገር ምግብ አይቀምሱም ተባለ። ደባሽ አገር ሲገባ ልጅቷ አፏ ተይዟል።

በማግስቱ ሞጣ ልንሄድ፣ የመጨረሻውን ልምምድ እያደረግን ነበር። ሣሩ እርጥብ ስለነበር የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፈናል። ቫይረስ የሆነው ልጅ ሯጭ ነበርና ክፍሉን ከሞላ ጎደል ጨርሶታል። ከረጢቱ ላይ ተራ በተራ ተጋድመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ መካከላቸው ቆሜ፣ «እንዲህ ነው! ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» እላለሁ።

የግቢው በር ተከፈተ። ዘበኛችን አስተዳዳሪም ቢመጣ መታወቂያ ሳያይ አያስገባም። ለቃሬዛ ግን መታወቂያ አይጠየቅም።

አራት ሰዎች ባዶ ቃሬዛ ይዘው በሩጫ ገቡ። ከፊታቸው አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል፤ የበሬ ጅራፋቸው ከእጃቸው አልወረደም። ከእርሻ ላይ እንደተነሡ መምጣታቸው ነው። እኔን አላዩኝም። የተጋደሙትን ልጆች ፊት አንድ በአንድ እያዩ አለፉ፤ አለፉና አንዷ ጋ ሲደርሱ ተንበረከኩ። ጅራፉን አስቀምጠው ግንባሯን ዳሰሱ።

«ልጄ» አሉ፤ «ዓይንሽን ክፈች።»

ደባሽ አንቲቫይረሷ መጥታ የምትፈትናት መሰላት። እንደጨፈነች፣ «አልከፍትም!» አለች።

«ክፈች እንጂ ልጄ! ምነው?»

«የማላውቀው ሰው ነው የላከው። አልከፍትም!»

«እኔ ነኝ» አሉ ሰውየው፤ «ኧረ አባትሽ ነኝ!»

ያኔ ከፈተች። ይስሟታል፣ ያቅፏታል ብዬ ጠበቅሁ። አላደረጉትም። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡና ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚታየው፤ ይንቀጠቀጣል። ልጆቹ ያለ ጥያቄ፣ ያለ መልስ አንድ በአንድ ተነሡ። የሚስቅ አልነበረም። እኔ ስቆም ስቀመጥ፣ መጨረሻ ላይ የማደርገውን ባጣ ከረጢት ማጠፍ ጀመርኩ።

ሰውየው፣ ማለትም አያ አንለይ፣ ከቆይታ በኋላ ጋቢውን ገልጠው አዩኝ።

«መምህር፣ ይህ ትምህርት ነው?»

«አዎ አያ አንለይ… ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ ነው ወይስ ትምህርት?»

«ሁለቱም ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከሷ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ» አሉ። «እዚሁ ከተማ ይማር ነበር። ታሟል ብለው ሲልኩብኝ፣ ይቺን ትልም ልጨርስና ሲነጋ እሄዳለሁ አልኩ። ሲነጋ ሄድኩ።» ከዚያ በኋላ ያለውን አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅሁም። «ዛሬ በሬዎቹን እንኳ አልፈታሁም። ከነቀንበራቸው ለጎረቤት ጥያቸው ነው የመጣሁ።»

ሰው በማይናገርበት ሰዓት መናገር የኔ ጠባይ ነው። «ስልክ ቢደውሉ ኖሮ እኮ…» አልኩ።

ከኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለች ትንሽ ስልክ አወጡ። «ስትጮህ አረንጓዴዋን እጫናለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግዜር ነው። መደወል የሚችል ጎረቤቴን ብፈልገው፣ ለቅሶ ሄዷል አሉኝ።» ስልኳን መልሰው ጠቀለሉ። «ከእንግዲህ ልጄን ይዤ እገባለሁ። ፊደሉን እንደሆነ ለይታለች፤ ይበቃታል።»

ደባሽ አላለቀሰችም። «አባባ፣ ነገ ሞጣ እንሄዳለን። እሱን ብቻ ልሂድ። ከዚያ እሺ» አለች። ዳይሬክተራችንም መጥተው ለመኑልኝ። አያ አንለይ ልጃቸውን አይተው፣ «ከዓይኔ አትጠፋም። አብሬ እሄዳለሁ» አሉ።

ተሸካሚዎቹ ከተማ ዘመድ ጋ አድረው ሲነጋ ሊሰናበቱን መጡ። ከመካከላቸው ሙሉሰው የሚባለው አንደበቱ ስል ነው። ቃሬዛውን አጥር ላይ አስደግፎ፣ «ባዶ ቃሬዛ ይዞ መግባት ደግ አይደለም። የሚተኛበት ይፈልጋል» አለ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ዳይሬክተራችን አዳኑኝ። «ሞጣ ለጥገና የሚላከው ኮምፒውተር አለ አይደል? ባጃጅ በዚህ ጭቃ አልመጣም ብሏል። እስከ መናኸሪያ ለምን በቃሬዛው አይሄድም?» ሐሳቡ ቃሬዛው ላይ ከመጋደም ስላስጣለኝ ግሩም ሆኖ ታየኝ። ማሽኑን ከነስክሪኑ በቁመቱ አጋደምነው፤ ካፊያ ስለነበር በራሴ ጋቢ ሸፈንኩት፤ እንዳይንሸራተት በገመድ አሰርነው። አስክሬን እናስመስል ብለን ብንነሣ እንደዚያ አናሳምረውም ነበር። እኔ ይህን ያስተዋልኩት ገበያው ጋ ስንደርስ ነው።

መጀመሪያ አንድ ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። ቀጥሎ አንድ ባለሱቅ የሱቁን ግማሽ በር ገርበብ አደረገ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከሽንኩርት ተራ አንዲት እናት ደረታቸውን እየመቱ፣ «እኔን! ያቺ ቫይረስ የያዛት ልጅ!» ብለው ተነሡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። ደባሽ ከቃሬዛው ኋላ ትሄድ ነበርና ፈራ ተባ እያለች፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ። አልሞትኩም» አለቻቸው።

«ዝም በይ ልጄ» አሏት እያለቀሱ፤ «ሐዘኑ ነው የሚያናግርሽ።»

አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ደርሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሟች ማን ይባላሉ?»

«አባቴ፣ ኮምፒውተር ነው።»

ጥቂት አሰቡ። «የክርስትና ስሙስ?»

«የክርስትና ስም የለውም።»

«አይ! ሳይጠመቅ!» ብለው አንገታቸውን ደፉ፤ እሳቸውም ከኋላ ገቡ።

መናኸሪያ ስንደርስ ተከታያችን አውቶቡስ ይሞላል። ረዳቱ፣ «አስክሬን በመንገደኛ መኪና አልጭንም!» ብሎ በሩን ያዘ። ሌላ መውጫ አልነበረኝም፤ በሕዝብ ፊት ገመዱን ፈትቼ ጋቢውን ገለጥኩ። ያ ሁሉ ሰው አቧራ የለበሰ ስክሪን አየ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና ሄዱ። ሙሉሰው መሬት መሬት ያያል። እኔ የሽንኩርቷን ሴትዮ ይቅርታ ልጠይቅ ቀረብኩ።

«ግድ የለም» አሉኝ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «እንባው እንደሆነ ባለቤት አያጣም።» ከዚያ ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

ሞጣ እስክንደርስ ድረስ አያ አንለይ ጨዋታውን ደጋግመን አስረዳናቸው። ግንደወይን ላይ መኪናው ሲቆም እንኳ ደባሽ፣ «እንግዲህ አባባ፣ ስጋደም አልታመምኩም፤ ፋይል ነኝ» አለቻቸው። «ገብቶኛል። ፋይል ነሽ» አሉ።

የትርኢቱ ሜዳ ሞልቷል። የሽቦ መኪና የሠሩ አሉ፤ ከካርቶን ግድብ የሠሩ አሉ። እናቴ ጎረቤቶቿን አስከትላ ከፊት ተቀምጣለች። ዳኞቹ ወረቀታቸውን አስተካከሉ፤ ፊሽካ ተነፋ፤ ቫይረሱ ተለቀቀ።

ደባሽ ቶሎ ተያዘች። ተጋደመች፤ ጨፈነች። እኔ የማየው ጨዋታውን ሳይሆን ሜዳውን የከበበው ገመድ ጋ የቆሙትን አባቷን ነበር። ለጥቂት ጊዜ ቻሉ። ወደ ሰማይ አዩ፤ ወደ ጫማቸው አዩ። ቀጥሎ ገመዱን ተሻገሩ፤ በዳኞቹ መካከል አልፈው ሄዱና ልጃቸውን ከመሬት ብድግ አደረጓት። «ይበቃል» አሉ።

«እኒህ ሰው ማን ናቸው?» አለች አንዷ ዳኛ። «ተመዝግበዋል?»

በዚህ መካከል ከደባሽ አጠገብ የተጋደመ ተማሪ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «አባባ፣ እኔንም» አለ። አያ አንለይ እሱንም አነሡት። ቀጥሎ ሌላው፣ «እኔንም»፤ ቀጥሎ ሌላዋ። ቫይረሱ ያጋድማል፣ እሳቸው ያነሣሉ። ያ ሯጭ ልጅ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ሮጦ፣ በመጨረሻ አንድም የተኛ ፋይል አጣና ሜዳው መሃል ቁጭ አለ። ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበ። ዳኞቹ ግን «ሕጉ ያልተጠበቀ» ብለው ምንም አልሰጡንም። የሽቦ መኪናው ተሸለመ፤ ይገባዋልም።

እናቴ ብቻ ረካች። «ልጄ፣ እኒያን ሽማግሌ ግን እንዴት አድርገህ ነው ያስጠናሃቸው?» አለችኝ።

ስንመለስ አያ አንለይ አጠገቤ ተቀመጡ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ «መምህር፣ ያችን ጨዋታ ይተዉልኝ» አሉ።

«ትቻታለሁ።»

«ሰኞ ማክሰኞዋ ግን ደግ ናት ትላለች ልጄ። በሷ ስልክ መደወል ይማሩባታል?»

እንዴት እንደሆነ አላወቅሁም፤ ግን «አዎ» አልኩ።

በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። «እንግዲያ ትቆይ» አሉ።

ደባሽ ከኋላ ወንበር ሰምታ ኖሯል፤ ጓደኛዋን ስትነካት አየሁ። እኔ ደግሞ ቃል ገብቼ ጭንቅ ውስጥ ገባሁ። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን ከደባሽ ጋር አገሯ ወጣን። የአያ አንለይ አውድማ ባዶውን ነበር፤ የስልኩን ቁጥሮች በአመድ ሰፋ ሰፋ አድርገን አሰመርንበት። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ያ አንደበተ ስል ሙሉሰው ሲዘል ሁልጊዜ መሰላል የምትመስለዋ የ# ምልክት ላይ ያርፍና፣ «የምደውለው ለጣራ ሠሪ ነው» ይላል። አያ አንለይ ግን አልሳቁም። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ የኔን ቁጥር ልጃቸው እየጠራችላቸው በአንድ እግር ዘለሉ። ወደቁ። ተነሡ። እንደገና ከመጀመሪያው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጠሪ አላስፈለጋቸውም፤ ስልኳን በእጃቸው ይዘው ሲጫኑ፣ ጣታቸው ከመንቀሳቀሱ በፊት ተረከዛቸው ከመሬት ይነሣ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት እያስተማርኩ ስልኬ ጮኸ።

«ሄሎ! አንለይ ነኝ!» ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስል ይጮኻሉ።

ደነገጥኩ። «ምነው አያ አንለይ? ምን ሆኑ?»

«ምንም።»

«ታዲያ…?»

«ምንም የለም። ደወልኩ እንጂ። ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን። ደባሽም ትማራለች።»

«በሉ ያስተምሩ። እኔም ልረስ» አሉ።

እንዴት እንደሚዘጋ አላስተማርኳቸውም ነበር። ስልኳን ኪሳቸው ከተቷት መሰለኝ፣ ኮሽታ ተሰማ፤ ቀጥሎ ጅራፍ ጮኸ፤ «ና ቡሬ! ዘወር!» የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ልጆቹ ሳቁ። ደባሽ አፍራ፣ ልትዘጋው ከወንበሯ ተነሣች።

«ተይው» አልኳት።

ተቀመጠች። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩና ትምህርቱን ቀጠልኩ። አያ አንለይም ከወዲያ ማረሳቸውን ቀጠሉ።